የባሕር ኤሊ ስታገኙ ወደ ውኃ አትመልሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ለምትኖሩ አንባቢዎች፦ ማዕበል የተፋው ኤሊ ስታዩ አዝናችሁ ወደ ባሕር አትግፉት። የሚተነፍሰው በሳንባ ነው፤ ከደከመ ራሱን ቀና ማድረግ አቅቶት ይሰጥማል። ጥላ አድርጉለት፤ ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ አፍንጫው ግን ክፍት ይሁን። ከአፉ ወይም ከኋላው የዓሣ ማጥመጃ ክር ወጥቶ ካያችሁ በፍጹም አትጎትቱ! ሌላው ጫፍ ሆዱ ውስጥ ተይዞ ከሆነ ክሩ ሲወጠር አንጀቱን ይሸበሽበዋል፣ ይቆርጠዋልም። ወዲያው ለተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን በኮከብ 3639 ደውሉ፤ ሚክሞሬት ያለው የባሕር ኤሊዎች ማዕከል የእነሱ ነው።

በበጋ አሸዋ ውስጥ እንቁላል ካገኛችሁም አትንኩ። ከተጣለ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል፤ ያኔ ማገላበጥ ይገድለዋል።