ፈረንሳይ አሜሪካን የረዳችው ለነፃነት ብላ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ የነፃነት ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «ፈረንሳይ ለነፃነት ስትል ከአሜሪካ ጎን ቆመች» የሚለውን እንዴት ዝም ብላችሁ አሳለፋችሁት? የፈረንሳዩ ሉዊ 16ኛ እኮ ሥልጣኑ ገደብ የሌለው ንጉሥ ነበር። የማን ነፃነት አሳስቦት? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1763 ካናዳን ከፈረንሳይ ወስዳለች። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቬርዤን የፈለገው ይህን ቂም መወጣት ነው።

የአሜሪካ ነፃነት ገና ሳይታወጅ፣ በጁን 1776፣ ፈረንሳይ አንድ ሚሊዮን ሊቭር (የያኔው የፈረንሳይ ገንዘብ) በድብቅ ሰጠች። ስፔንም ያንኑ ያህል ጨመረች። ቦማርሼ የተባለው የቲያትር ደራሲ የይስሙላ የንግድ ድርጅት ከፍቶ ባሩዱንና ጠመንጃውን ላከ። ፈረንሳዮቹ በይፋ ሲጠየቁ ግን አላየንም፣ አልሰማንም። የፈረንሳይና የአሜሪካ የጦር ቃል ኪዳን የተፈረመው እንግሊዞች ሳራቶጋ ላይ ከተሸነፉ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1778 ነው።  

እናንተ የዘለላችሁት ግን ዋናውን ነው። አሜሪካ በዚህ ቃል ኪዳን ያለ ፈረንሳይ ፈቃድ ሰላም ላትፈርም ቃል ገብታለች። ፈረንሳይ ደግሞ በ1779 እንግሊዝ ከስፔን የወሰደችው የጂብራልታር ቋጥኝ ሳይመለስ ሰላም እንደማታደርግ ለስፔን ቃል ገባች። ስፔን ለአሜሪካ ዕውቅና እንኳ አልሰጠችም፤ የራሷ ቅኝ ግዛቶች ነገ ያንኑ ቢጠይቋትስ? እንግዲህ የቨርጂኒያ ገበሬ ለአንድ የስፔን ቋጥኝ ሲል ጦርነት ላይ ሊቆይ ነው ማለት ነው።

ፓሪስ ለነበሩት የአሜሪካ ልዑካን፣ ለፍራንክሊንና ለጓደኞቹ፣ ይህ አልተዋጠላቸውም። ከእንግሊዝ ጋር ለብቻቸው ተደራደሩና በኖቬምበር 30፣ 1782 የመጀመሪያውን ስምምነት ፈረሙ። ፈረንሳይና እንግሊዝ ሳይታረቁ አይጸናም የሚል ሐረግ አስገቡበት፣ ቃላችንን አላፈረስንም ለማለት እንዲመች። ቬርዤን የተነገረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ተቆጥቶ ጻፈ። ፍራንክሊንም መለሰ፦ የጎደለው ወግ ብቻ ነው፤ እንግሊዞች አለያየናቸው ብለው እየተደሰቱ ነውና ይህቺ አለመግባባት በምስጢር ትያዝ። እዚያው ላይ ብድርም ይለምን ነበር። ዓይን አውጣ ነው፣ አይደል? ቬርዤን ግን ምን ያድርግ፤ እምቢ ቢል እንግሊዝ ደስ ሊላት ነው። ስድስት ሚሊዮን ሊቭር ፈቀደ፣ 600,000ው ወዲያው በመርከብ ተጫነ።

አንባቢያችሁ