«ኦፐንሃይመር»ን በትልቁ ስክሪን እንጠይቅ

ውድ የለንደን ፊልም ወዳጆች፣

ብዙዎቻችሁ የአቶሚክ ቦምቡን ሳይንቲስት ታሪክ የሚተርከውን «ኦፐንሃይመር» ፊልም በስልክ ነው ያየነው ብላችሁኛል። እባካችሁ እንደገና እንየው! ዋተርሉ ያለው ግዙፍ ሲኒማ ቤት፣ የቢኤፍአይ አይማክስ፣ ስክሪኑ 20 ሜትር ከፍታና 26 ሜትር ስፋት አለው። ፊልሙ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአይማክስ 70 ሚሊሜትር፣ ማለትም በትልቁ የፊልም ጥቅል፣ ያሳዩት በዓለም ዙሪያ ወደ 30 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ነበሩ። የዋተርሉው አንዱ ነው። የፊልሙ ጥቅል ቢዘረጋ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተራ ሲኒማ ቤት ደግሞ በአይማክስ የተቀረጸውን ምስል ከላይና ከታች ይቆርጠዋል፤ የበረሃው ሰማይ እንኳ ሙሉ አይታይም።

ስለዚህ ፊልሙ በዚሁ 70 ሚሊሜትር ጥቅል ተመልሶ እንዲታይ ለሲኒማ ቤቱ የጋራ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ስማችሁ እንዲገባ የምትፈልጉ እስከ እሁድ ማታ አሳውቁኝ። ቲኬቱ ወደድ ይላል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን መሃል ረድፍ ተቀምጬ ፍንዳታውን ሳይ ትንፋሼ ቆሞ ነበር። እናንተም እንድታዩት በጣም እፈልጋለሁ።