ጠባቡን ቦታ ፍለጋ፦ የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት ወር በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ «ዘንድሮ ምን መሥራት ትፈልጋላችሁ?» ብዬ አባላቱን ጠየቅኋቸው። እንደ ወትሮው ድረ ገጽ መሥራት ወይም የስልክ መተግበሪያ መማር የሚል መልስ ጠብቄ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አውጥታ «መምህር፣ የቤታችንን ኔትወርክ ማፍጠን ይቻላል?» አለች። ክፍሉ ባንዴ ሞቀ፤ ለካስ የሁሉም ጥያቄ ኖሯል። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ሥራ ከዚያች ጥያቄ የወጣ ነው።

ክበቡ ዘንድሮ 23 አባላት ነበሩት፤ 11ዱ ሴቶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የኮምፒውተር ክፍላችን ባዶውን እንደቀረ አንባቢ ያስታውሳል። አሁን ያሉን 14 ኮምፒውተሮች ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ የተሰባሰቡ ስለሆኑ ዓይነታቸውም ዕድሜያቸውም ይለያያል። ለመማር ግን ይህ ጠቅሞናል። ሁሉም አዲስና እኩል ቢሆኑ ኖሮ ልጆቹ ልዩነቱን የሚያዩበት አጋጣሚ አያገኙም ነበር።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት ነበረብን። ወላጆችም ቢለዩት ከብዙ ወጪ ይድናሉ ብዬ ስለማምን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። «ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው» ስንል ሁለት ነገሮችን ቀላቅለን ነው የምንናገረው። አንደኛው ከውጭ በመስመር ወደ ቤት የሚገባው ኢንተርኔት ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት መስመሩና ቤተሰቡ የሚከፍልበት የአገልግሎት መጠን ናቸው። ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ፕሪንተሮች እርስ በርስ የሚገናኙበት መረብ ነው። ይህ ሁለተኛው በእጃችን ያለ ነው። ለልጆቹ ያስረዳሁት በምናውቀው መንገድ ነበር። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና ዶሮ መዝለያ ዳገት ላይ ይንፏቀቃል። የእኛን ግቢ በር ብናሰፋው መኪናው ዳገቱን ቶሎ አይወጣልንም። ዕቃው ከግቢያችን መጋዘን ወደ ግቢያችን ሱቅ የሚሄድ ከሆነ ግን ዳገቱ ምን አገባው? ያን ጊዜ ወሳኙ የግቢው በር ነው።

ስለዚህ ጥቅምትንና ኅዳርን ምንም ሳንገዛ ስንለካ ከረምን። አንድ ትልቅ ደብተር አዘጋጅተን «የልኬት ደብተር» አልነው። ልጆቹ መጀመሪያ የተምታታባቸው የፍጥነት መለኪያው ነበር። የኔትወርክ ዕቃ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲገለብጥ የሚያሳየው ግን በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ኮምፒውተሮቹን በገመድ እርስ በርስ የሚያገናኘው አሮጌው ስዊቻችን በሰከንድ 100 ሜጋቢት ያስተላልፋል የተባለ ነው፤ ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። እኛ ስንለካው 11 ገደማ አገኘን፤ ቀሪው ከፋይሉ ጋር አብሮ ለሚላክ አድራሻና ቁጥጥር የሚውል ነው። 4 ጊጋባይት የሚመዝን የትምህርት ቪዲዮ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ለመድረስ 6 ደቂቃ ወሰደበት። ከዚያ በፊት «በጣም ይዘገያል» ብቻ ይሉ የነበሩ ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ «11 ነው» ማለት ጀመሩ። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ለውጥ ይህ ነበር።

ታኅሣሥ የገመድ ወር ሆነ። ስለ ገመድ ሳወራ ስለማይበቃኝ አንባቢ ይታገሠኝ። የኔትወርክ ኬብል ሲላጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ጥንድ የተገመዱ ናቸው። አንዷ አባል «ለምን ይገመዳሉ? ቀጥ ቢሉ አይሻልም ወይ?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ቆንጆ ነው። ጥንዱ ሲገመድ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም ሽቦዎች እኩል ያገኛቸዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ ረብሻው ይጣፋል። ግራሃም ቤል ይህን ዘዴ ለስልክ መስመር ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው፤ እኛም ዛሬ የምንሠራው በዚያው ነው። የእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩን በስሙ ይዞታል፤ ገመድ መባሉ ከመገመዱ ነው። ልጅቷ አያቷ በእንዝርት ሲፈትሉ እያየች ያደገች ናት፤ ከዚያ ወዲህ ጥንዱን ስትፈታ እጇ ይሳሳል።

መሳሳቱም ተገቢ ነው። ጫፉ ላይ ኮኔክተር፣ ማለትም ዕቃው ላይ የሚሰካው የፕላስቲክ ራስ፣ ሲገጠም ጥንዱ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ መፈታት የለበትም። ጀማሪዎቻችን ሽቦዎቹን ለመደርደር እንዲመቻቸው እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ይፈቱት ነበር። ቅደም ተከተሉን ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ በቃላቸው ያዙት፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በዕረፍት ሰዓት በኮሪደሩ እየደገሙት ሲያልፉ ሌሎች ተማሪዎች ግጥም ይመስላቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ 20 ኮኔክተሮች ባከኑ፤ አልቆጨኝም፤ ለዚያ ነው የተገዙት።

በጥር ወር በወላጆች ቀን አባላቱ ቡና አፍልተው ባገኙት ገንዘብ በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ስዊችና ለዚህ ፍጥነት የሚሆን፣ ካት 6 የሚባል ደረጃ ያለው አንድ ጥቅል ኬብል ገዛን። ኬብል ስትገዙ ዋጋው በጣም ከረከሰ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ ውስጡ ነጭ ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፤ በረጅም ርቀት ላይም ይዳከማል። ስዊቹን ገጥመን ስንለካ 13ቱ ኮምፒውተሮች በ1,000 ተገናኙ፤ አንዱ ግን 100 ላይ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም ኮምፒውተሩን ተጠያቂ አደረገ፤ እኔም ጭምር። በአራተኛው ቀን አንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ማንም ሳያዘው፣ ገመዱን ነቅሎ የእያንዳንዱን ሽቦ ደህንነት በመብራት በሚያሳየው ቴስተር ላይ ሰካው። ከስምንቱ መብራቶች አንዱ አልበራም፤ ቡናማዋ ሽቦ አጥራ ተቆርጣ ከኮኔክተሩ ጥርስ ሳትደርስ ቀርታለች።

ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። የ100 ሜጋቢቱ መስመር የሚጠቀመው በሁለት ጥንድ፣ ማለትም በብርቱካናማውና በአረንጓዴው ብቻ ነው፤ ሰማያዊውና ቡናማው ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። የ1,000ው ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። አንዲት ሽቦ ስትጎድል ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ወደ 100 ዝቅ ይላሉ፤ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ የስህተት መልእክትም አይመጣም። ስንት ቤት አዲስ ዕቃ ተገዝቶ «ምንም አልተለወጠም» የሚባለው በእንዲህ ያለች ሽቦ ይሆን? ገመዱ በአሥር ደቂቃ ተሠራ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቴስተሩ ኃላፊ ሆነ።

ሁለተኛው መንፈቅ የቤቶች ነበር። ወላጆች በፈቀዱበት ቤት አራት አራት ሆነን ሄድን፤ ከሁሉም ሰፋ አድርጌ የምተርከው በሰኞ ገበያ አካባቢ ስላለው ፎቶ ቤት ነው። ቤተሰቡ ከፊት ፎቶ ቤቱን ይሠራል፣ ከኋላ ይኖራል። ሠርግ ቀርጸው ይመጣሉ፤ ቪዲዮው የሚቀናበረው ከኋላ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ነው፤ ደንበኛ የሚያየውና ዲስክ የሚወስደው ከፊት ነው። በመካከል ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አለ። በዋይፋይ 4 ጊጋባይት ብንልክ 27 ደቂቃ ወሰደ። የአንድ ሠርግ ቅጂ 60 ጊጋባይት ስለሚሆን አባትየው ፍላሽ ይዘው ሲመላለሱ ነው ዓመታት ያለፉት።

ልጆቹ 35 ሜትር ገመድ ለኩ። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ስለሚያስኬድ ርቀቱ አላሳሰበንም። ያሳሰበን የሳሎኑ ግድግዳ ነበር። እናትየው ባለፈው ዓመት ያስቀቡት ግድግዳ እንዲበሳ አልፈለጉም፤ እውነት ነበራቸው። አንዷ ተማሪ «እትዬ፣ የዲሹ ገመድ በየት ነው የገባው?» ብላ ስትጠይቃቸው ፊታቸው ፈካ። በዚያው ቀዳዳ አሳለፍነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦው ጋር ጎን ለጎን እንዳይሄድ በሌላኛው ጠርዝ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገን ዘረጋነው።

ሁሉም ከተሰካካ በኋላ ለሙከራ አንድ ፋይል ላክን፤ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ብቻ። የልጆቹ ፊት ጠቆረ። አባትየው «አብሽሩ ልጆቼ፣ ይህም ከፊቱ ይሻላል» አሏቸው። የልኬት ደብተሩን የያዘችው ልጅ ግን አልተቀበለችም፤ «ጋሼ፣ ፋይሉ ያለው የት ላይ ነው?» አለች። ፋይሉ የተላከው በቀጥታ ከተሰካው አሮጌ ፍላሽ ላይ ነበር። ገመዱ ሰፊ ነው፤ ጠባቡ ቦታ ፍላሹ ነው። ፋይሉን ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጠው ከዚያ ሲልኩት 4ቱ ጊጋባይት በ43 ሰከንድ ገባ፤ የሠርጉ ቅጂ በሙሉ በ11 ደቂቃ። አባትየው ወንበር ስበው ተቀምጠው እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብለው ተመለከቱ። እናትየው ቡና ሳንጠጣ አንወጣም አሉ፤ ሦስተኛውን ጠጥተን ስንወጣ መሽቷል፤ የጦሳን ተራራ ጉም ውጦታል።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሄድንበት ቤት የተደረገው ለውጥ ትልቅ፣ ወጪው ግን ባዶ ነበር። ኢንተርኔቱን ተቀብሎ በዋይፋይ ለቤቱ የሚያከፋፍለው ራውተር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጦ በዳንቴል ተሸፍኖ ነበር። ዳንቴል ሞገድ አይከለክልም፤ ሙቀት ግን ያፍናል። ሞገዱን የጋረደው ቴሌቪዥኑ ነው። አንሥተን በቤቱ መካከል ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። ራውተሩ በሁለት ሞገድ ይሠራል፤ 2.4 ጊጋኸርዙ ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይሄዳል፣ 5 ጊጋኸርዙ ይፈጥናል ግን ግድግዳ ያሸንፈዋል። ስለዚህ ሳሎን ያለው ኮምፒውተር በ5ቱ፣ የጓዳው ስልክ በ2.4ቱ እንዲገናኝ አደረግን። ጎረቤቶች ሁሉ በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንዱ የሞገድ መስመር፣ ተጨናንቀው ስለነበር የ2.4ቱን ከ6 ወደ 11 ቀየርነው፤ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃልም አስቀየርን። ወላጆች፣ ይህን አንዱን እንኳ ዛሬ ማታ አድርጉት።

ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ መምህር ቤት ደግሞ ሄደን ምንም ሳንነካ ተመለስን። የቤታቸው መረብ ደህና ነበር፤ የሚዘገየው ከውጭ የሚገባው ነው። ልጆቹ ይህንኑ በቁጥር አሳይተው «መምህር፣ አዲስ ራውተር አይግዙ» አሏቸው። ይህች ጉዞ ከሁሉም የበለጠ አኩርታኛለች።

እንቢ ያልንበት ጊዜም አለ። አንድ ቤተሰብ ከትልቁ ቤት ወደ ሰርቪሱ ገመድ በአየር ላይ እንድንዘረጋ ጠይቆ ነበር። በክረምት እዚህ ከተማ መብረቅ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ በሁለት ቤቶች መካከል የተንጠለጠለ የመዳብ ገመድ አደጋውን ወደ ዕቃውም ወደ ሰውም ይዞ ይገባል። ለዚያ ቤት ዋይፋይ ይሻላል ብለን ራውተሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋን።

የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር ላዋሱን የፊዚክስ መምህርና ቅዳሜ ቅዳሜ በር ለከፈቱልን ጥበቃ ምስጋናችን የላቀ ነው። አምስት አባላት ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሰዋል። የልኬት ደብተሩን ያስረከቡት ያችን የመጀመሪያዋን ጥያቄ ለጠየቀችው ልጅ ነው። ኮኔክተር መግጠሚያው ክሪምፐር፣ ቴስተሩ፣ 31 ኮኔክተሮችና 60 ሜትር ያህል ኬብል በቁልፍ ተቀምጠዋል። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በሰኔ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ «ቤተ መጻሕፍት፣ 4ኛው ኮምፒውተር፣ 100። ገመዱ ደህና። ስዊቹ ደህና።» ከሥሩ ባዶ ቦታ ተትቷል፤ በመስከረም የምንጀምረው ከእሱ ነው።