የፊልም ካሜራ ክበብ 2017 ዓ.ም.፦ 31 ልጅ፣ አንድ ካሜራ

የመጀመሪያው የፎቶ ፊልም ባዶ ወጣ። ከዚህ ብጀምር ይሻላል ምክንያቱም የትምህርት ቤቱ ግቢ ሁሉ ሰምቶታል፣ ጥፋቱም የኔ ነው እንጂ የልጆቹ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ 31 ልጅ ተመዘገበ፣ ካሜራው ግን አንድ ነው፣ አባቴ በደርግ ጊዜ የገዛት ዜኒት ኢ፣ ራሺያ ሠራሽ፣ ስትሸከማት እንደ ጡብ ናት፣ ባትሪ የሚባል ነገር አታውቅም። ፊልም እዚህ ሐዋሳ ፈልገን አጣንና ውጭ ያለ የቀድሞ ተማሪያችን 5 ጥቅል ኮዳክ ጎልድ 200 የቀለም ፊልም ከነማጠቢያ ኬሚካሉ በሰው ላከልን። አንዱ ፊልም 36 ፎቶ ነው እኛ 31፣ ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ ፎቶ፣ የተረፈችው 5 በዕጣ ተባለ። የካሜራዋ ብርሃን መለኪያ አርጅቷል አናምነውም፣ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ሌንሱን 16 ላይ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ፍጥነቱን 1/250 ሰከንድ ላይ፣ ደመና ከሆነ ሌንሱን 8 ላይ ማድረግ ነው በቃ፣ የሐዋሳ ፀሐይ ደግሞ አላሳፈረችንም።

አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣ ሲበለት፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ቆመው ሲጠብቁ፣ ጀልባው ምኑ ሁሉም ተራውን ጠብቆ አነሳ። ሲታጠብ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ብርቱካንማ ፕላስቲክ! ልጆቹ ኬሚካሉ ተበላሽቷል አሉ፣ እኔ ግን ጠርዙ ላይ የፋብሪካው ጽሑፍና ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጥቶ ሳይ ገባኝ፣ ኬሚካሉ ሠርቷል፣ ፊልሙ ነው ብርሃን ያላየው። ስከተው የፊልሙ ጫፍ መጠቅለያው ላይ አልያዘም ነበር፣ እኛ ስንቆጥር እሱ ካለበት አልተነቃነቀም። ፊልሙን ስታሳልፉ በግራ ያለው መመለሻ ቁልፍ አብሮ ካልዞረ ፊልሙ እየሄደ አይደለም ማለት ነው፣ ይህን አውቃለሁ፣ ለሌላ ሰው ሃያ ጊዜ ነግሬያለሁ፣ ያን ቀን ግን አላየሁም። እስከ ዛሬ ስሙ "የቲቸር ፊልም" ነው።

የምናጥበው ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ባለቤቴ አንድም የምግብ ዕቃ እንዳትነኩ ብላ ስላስጠነቀቀች (ትክክልም ናት) መለኪያውም ሳፋውም ለብቻ ተገዛ፣ ጓንት ግዴታ፣ መስኮት ክፍት። ብዙ ሰው ፊልም ሲባል ቀይ አምፖል ያለበት ጨለማ ክፍል ይመስለዋል፣ የቀለም ፊልም ግን ቀዩንም ያያል፣ ፊልሙን ታንኩ (ብርሃን የማያስገባው ማጠቢያ ዕቃ) ውስጥ እስክትከተው ድረስ ድፍን ጨለማ ነው የሚፈልገው። እኛ ልብስ ሰፊ ጋር ሄደን ጥቁር ጨርቅ ደርበን እጅጌው ላስቲክ ያለው ከረጢት አሰፋን፣ እጅህን ከተህ በዳሰሳ ትጠቀልላለህ። ታንኩ ከተዘጋ በኋላ መብራት ይብራ አይብራ ችግር የለም።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። ሲ-41 የሚባለው አጠባብ ኮዳክ በፈረንጆቹ 1972 ያወጣው ነው፣ ዴቨሎፐሩ (ፎቶውን የሚያወጣው የመጀመሪያው ኬሚካል) 38 ዲግሪ፣ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ፣ በየ30 ሰከንዱ ታንኩን ማገላበጥ። ሁለተኛው ፊልም ላይ ውሃ እያሞቅን መብራት ሄደ፣ ከሰል አቀጣጥለን ኬሚካሉ የሚሞቅበትን ትልቁን ሳፋ በሙቅ ውሃ ሞላነው፣ ብዙ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ቆንጆ ወጣ። ሦስተኛው ላይ መብራት ነበር፣ እኛ ተዝናንተን ቴርሞሜትሩን ሳናይ 34 ወርዶ ኖሮ ፎቶው ሁሉ ሳሳ፣ ቀለሙም ዞረ፣ ሐይቁ ሐምራዊ የሆነበት እሱ ነው።

እንደ ኬሚስትሪ መምህር የተደሰትኩባት አንድ ነገር አለች። ዴቨሎፐሩ ፊልሙ ላይ ብርሃን ያገኘውን የብር ጨው ወደ ንጹሕ ብር ይለውጣል፣ ራሱ ደግሞ ኦክሲዳይዝ ይሆንና ፊልሙ ውስጥ ካለው ነገር ጋር ተዋህዶ ቀለም ይሠራል፣ ከዚያ ብሊክስ የሚባለው ሁለተኛው ኬሚካል ብሩን ጠርጎ ያወጣዋል፣ የሚቀረው ቀለም ብቻ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ባስተምር ማን ይሰማኛል፣ እዚያ ግን አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ "ታዲያ ቲቸር ብሩን ማን በላው?" አለ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ግን ጥያቄው ትክክል ነው። ብሩ ጀሪካኑ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ያገለገለውን ብሊክስ ወደ ቦይ ያልደፋነው፣ ቦዩ መጨረሻው ሐይቅ ነዋ፣ ስቶር ውስጥ የተቀመጠው ጽሑፍ የተለጠፈበት ጀሪካን የማነው ላላችሁ የኛ ነው፣ አትክፈቱት።

አራተኛው ያለ ችግር አለፈ። አምስተኛው ግን ሦስት ሳምንት ካሜራው ውስጥ ቆየ፣ ምክንያቱም አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ያለቻትን አንድ ፎቶ ምን ላይ እንደምታውላት መወሰን አቃታት። ታቦር ተራራ ወጣች ሳታነሳ ወረደች፣ ገብርኤል ሄደች ተመለሰች፣ ሌሎቹ ተራ ስለሚጠብቁ መነጫነጭ ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ወደ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ተሰብስበን ስንጨቀጭቃት ዞር ብላ እኛኑ አነሳችን። እየመሸ ስለነበር ሌንሱን 2 ላይ ከፍታዋለች፣ 2 ላይ ደግሞ ፎከስ ትንሽ ካለፈ አለቀ፣ እኛ 30ውም ብዥ ብለን ከኋላችን ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት የጥበቃው ጋሼ ብቻ እስከ ኮታቸው ቁልፍ ድረስ ጥርት ብለው ወጡ።

የታጠበውን ፊልም (ኔጋቲቩን) ነጭ የስልክ ስክሪን ላይ አድርገን በሌላ ስልክ አንስተን ቀለሙን ገልብጠን አሳተምነውና ሰጠናቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ "እነዚህ ከፊት የቆሙት እነማን ናቸው?" አሉ። ፎቶው አሁን የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።