ስለ ወረቀቴ፣ ለእናቴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የልጅ ልጅዎም ደህና ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በስልክ ስንገናኝ ኖረን ዛሬ ደብዳቤ ሲደርስዎት እንደሚደነግጡ ስለማውቅ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እዚህ ማንም እንዳልሞተና ማንም እንዳልታመመ እነግርዎታለሁ። ደብዳቤ የመረጥሁት በስልክ ጀምሬ የማልጨርሰው ነገር ስላለኝ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ካለፉት ሦስት እሑዶች ወዲህ ስልኩን የምታነሳው እህቴ ብቻ ሆናለች፤ እርስዎን እንድታገናኘኝ ስጠይቃት ሦስቱንም ጊዜ «አሁን ገና ጋደም አሉ» ብላኛለች። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

የልጅ ልጅዎ በነሐሴ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በተማሪዎች ማደሪያ መኖር ጀምሯል። ምሕንድስና ነው የሚያጠናው፤ ሒሳቡ ከብዶታል፣ እሱ ግን ቀላል ነው ይላል። ቁመቱ ከእኔ ካለፈ ቆይቷል። ሲያስብ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ ልክ እንደ አባባ። አባባን አንድ ቀን እንኳ አይቷቸው ስለማያውቅ ከማን እንደተማረው ይገርመኛል። ፀጉሩን አሳድጎ ነበር፣ አሁን ተቆረጠው። ስለ እሱ ብዙ ልጽፍልዎት እችላለሁ፣ ብዕሬም ወደዚያው ያደላል፤ ነገር ግን ስለ እሱ በጻፍሁ ቁጥር ዋናውን ጉዳይ እያራቅሁት እንደሆነ ይታወቀኛል።

ፍቺው በፍርድ ቤት ከጸደቀ አምስት ወር አልፎታል። መለያየታችንን ከእህቴ እንደሰሙ፣ ሲሰሙም «ትዳር እንደሆነ ይቻላል» እንዳሉ ነግራኛለች። ችዬዋለሁ፣ እናቴ። ስንት ዓመት እንደቻልሁት እዚህ ላይ አልቆጥርልዎትም፤ እሱም የልጄ አባት ስለሆነ ስሙን በደብዳቤ አላነሳሳም። ንብረት በሰላም ተካፍለናል፣ ልጁም 18 ዓመት አልፎት ስለነበር በአሳዳጊነት አልተካሰስንም። ስለዚህ የሚበቃው ይህን ያህል ነው።

ልነግርዎት የፈለግሁት ከዚያ በኋላ የወሰንሁትን ነው። ልጁ የመጀመሪያ ዓመቱን ሲጨርስ፣ በሰኔ፣ ጠቅልዬ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ለሦስት ሳምንት ጉብኝት ሳይሆን ለመኖር ነው። ግሪን ካርዴንም እመልሳለሁ። አይ 407 የሚባል ቅጽ አለ፤ ቋሚ ነዋሪነቱን በፈቃዴ መተዌን በፊርማዬ አረጋግጬ ካርዱን ከቅጹ ጋር በፖስታ እልካለሁ፤ ገንዘብ አይጠይቁበትም። ለማግኘት ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ክፍያና ያን ሁሉ ቃለ መጠይቅ የፈጀ ነገር ለመመለስ ጥቂት ገጽና አንድ ፖስታ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ሐሳቤን ብቀይር ካርዱን መልሱልኝ ማለት አልችልም፤ እንደ ማንኛውም አዲስ አመልካች ከዜሮ መጀመር አለብኝ።

ሰው የሚለውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ «ባሏ ወረቀቷን አስነጠቃት» ይባላል፣ ወይም «አባረሯት» ይባላል። እርስዎ ግን እውነቱን ይወቁልኝ። በትዳር የሚሄድ ሰው፣ ትዳሩ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ካርድ ነው፤ እሱን ለማጽናት ባልና ሚስት አብረው ያመለክታሉ። የአሥር ዓመቱ ካርድ ከተገኘ በኋላ ግን ነዋሪነቱ የራስ ነው፤ ፍቺ አይነካውም። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ምናልባት ሰው ለመስማት የሚቸገረው ይህንኑ ይሆናል።

እህቴ በበኩሏ «አትመልሽው፣ እየገባሽ እየወጣሽ ያዢው» ትላለች። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ሻንጣ ይዘው ይበራሉ፣ የማይኖሩበትን የዘመድ አድራሻ አድራሻዬ ነው ይላሉ፣ ኤርፖርት ላይ ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ላባቸው ጠብ ይላል። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ ካርዱ ለመግቢያ አያገለግልም፤ አስቀድሞ እዚያው ሳሉ አመልክተው የመመለሻ ፈቃድ ከያዙ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። ነገሩ ግን ቀን መቁጠር ብቻ አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ኑሮህ የት ነው፣ ልብህ የት ነው ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ መኮንን የምዋሸው አድራሻ አልፈልግም። ካርዱ በእጄ እስካለ ድረስም የትም ብሠራ ገቢዬን ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ አለብኝ። ከ15 ዓመት ውስጥ 8ቱን በካርዱ የኖረ ሰው ሲመልሰውም ያለፉትን 5 ዓመታት ግብር በአግባቡ መክፈሉን የሚያረጋግጥበት ሌላ ቅጽ አለ፤ ዕዳ የሚያመጣው በአብዛኛው ለሀብታሞች ነው እንጂ ለእኔ ቢጤ አይደለም፣ ቢሆንም እሞላዋለሁ። ለጡረታ የሚያስፈልገውን 40 ነጥብ ደግሞ በዓመት አራት አራቱን እየቆጠርሁ ከጨረስሁ ቆይቻለሁ።

«ዜግነቱን ወስደሽ ብትመጪስ?» የሚለውንም አስቤበታለሁ። ሚስቱ ሳለሁ በሦስተኛው ዓመት ማመልከት እችል ነበር፤ እሱም በየዓመቱ ይጎተጉተኝ ነበር። ያልወሰድሁት በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ምክንያት ነው፤ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ ይዤ መኖር እንደምችል አልጠፋኝም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። እኔ ግን አባባ ያረፉበት አገር ገብቼ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማሳየት ከበደኝ። ይህ ሞኝነት ከሆነ ሞኝ ይበሉኝ።

የሚከብደው የልጁ ነገር ነው። እሱ በመወለዱ አሜሪካዊ ነው፤ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ዜግነቱን ትቶ የኢትዮጵያን መያዝ እንደሚችል ነግሬዋለሁ፣ እንደማያደርገውም አውቃለሁ፣ እንዲያደርገውም አልፈልግም። ስለዚህ እሱ ቢጫ ካርዱን አውጥቶ ያለ ቪዛ ወደ እኔ መምጣት ይችላል፤ እኔ ግን ልጄን ለማየት ኤምባሲ ቆሜ እንደምመለስ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ምናልባትም አይሰጡኝም። 21 ዓመት ሲሞላው እንደ ወላጅ ሊያመለክትልኝ ይችላል፤ ዘመድ ሁሉ በዚህ ሲጽናና ይታየኛል። እርስዎም በዚህ እንዳይጽናኑ እለምንዎታለሁ። ስነግረው «እሺ» ብቻ አለኝ፤ ቆይቶ ከማደሪያው ደውሎ «ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ለእኔ ብለሽም እንዳትሄጂ» አለኝ። ከስልኩ በኋላ ረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ።

አሁን ወደ አባባ ልመለስ።

ለፍቺው ወረቀት ስንከፋፈል፣ በ2000 ዓ.ም. የሁለት ዓመቱን ካርድ ለማጽናት ያስገባነው ማስረጃ ግልባጩ በአንድ ፋይል ተጠርዞ ተገኘ። የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በሁለታችን ስም የተፈረመ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፤ ትዳራችን እውነተኛ መሆኑን ለማያውቀን ሰው የሚያስረዱ ነገሮች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ ፎቶግራፍ ነበር። የጓደኛችን ልደት ላይ ነኝ፣ የአራት ወር እርጉዝ ነኝ፣ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ። ጥጉ ላይ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። ወደ እኛ ስመልሰው ኅዳር 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ሆነ።

አባባ ያረፉት ኅዳር 9 ነው።

ፎቶግራፉን ያነሳው ባለቤቴ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። እርስዎ ነግረውታል፣ አደራም ብለውታል፣ እሱም አደራውን ጠብቆ ዓመት ከሰባት ወር ከጎኔ ተኝቶ ተነሥቷል። በየእሑዱ ስደውል አባባ «አሁን ገና ጋደም አሉ» ነበር፤ አንዳንዴ «ቤተ ክርስቲያን ሄዱ»፣ አንዳንዴ «ጆሯቸው ደክሟል፣ በስልክ አይሰሙሽም» ነበር። እኔም «ሳሙልኝ» እያልሁ እዘጋ ነበር። እንዲስሙልኝ የላክሁት ሁሉ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

እርጉዝ ስለነበርሁ እንደሆነ ነግረውኛል። እስከ ሚያዝያ፣ ልጁ እስኪወለድ ድረስ ያለውን እቀበላለሁ፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን ያንኑ ሳላደርግ አልቀርም። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አራት ወራት ግን የእርግዝና አልነበሩም፤ የወረቀቱ ነበሩ። «ከመጣች ወረቀቷ ይበላሻል» ብላችሁ የአሥር ዓመቱ ካርድ እስኪመጣ ጠበቃችሁ። ካርዱ በሰኔ 2000 መጣ፤ መርዶውም በዚያው ወር መጣ።

ወረቀቴ አይበላሽም ነበር፣ እናቴ። የሁለት ዓመቱን ካርድ የያዘ ሰውም ከአገር ወጥቶ መመለስ ይችላል። ለአንድ ወር መጥቼ፣ አልቅሼ፣ መቃብራቸውን አይቼ ብመለስ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ይህን አንድ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ በአንድ ቀን ይነገረው ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ እዚሁ አሜሪካ፣ ከጎኔ ነበር። እርስዎን ለመውቀስ ስጀምር ሁልጊዜ እሱ ላይ እደርሳለሁ፤ እሱን ለመውቀስ ስጀምር ደግሞ እርስዎ ላይ። ትዳሬ የፈረሰው በዚህ ነው አልልም፤ የፈረሰው በሌላ ነው። ግን ከዚያ ሰኔ በኋላ «ደህና ነው» ባለኝ ቁጥር ፊቱን አይ ነበር።

ይህን የምጽፈው ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አይደለም። ለእኔ ብለው ብቻዎን እንዳለቀሱ፣ እሑድ እሑድ እንባዎን ጠርገው ስልክ እንዳነሱ አውቃለሁ፤ ይህንን የምረዳው እኔም ልጅ ሳሳድግ ነው፤ ስንት ነገር እንደደበቅሁት እሱ አያውቅም። ነገር ግን አሁን ደግሞ እርስዎ «ጋደም» ብለዋል፤ እህቴም ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ ትለኛለች። ታመው ነው? ወድቀው ነው? ወይስ ፍቺዬን ሰምተው ቅር ብሎዎት ሊያናግሩኝ ስላልፈለጉ ነው? የመጨረሻው ከሆነ ደስ ይለኛል።

ስለ ጤናዎ ከእህቴ አፍ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግፊቱን ኪኒን ራስዎን ሲያምዎት ብቻ እንደሚወስዱ። እባክዎን እንዲህ አያድርጉ። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ይህን ያህል ዓመት ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ይጎዳልና፣ ደህና ነኝ ባሉበት ቀንም ይወሰዳል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው፣ ሳይከፍሉና ሳይዘሉ ይውሰዱት። ካለቀብዎት ለእህቴ ይንገሯት፤ እሷ ካላገኘች ለእኔ ትንገረኝ። የዓይንዎን ሞራ ነገርም እኔ ስመጣ አብረን እናሳየዋለን፤ እስከዚያ በምሽት ደረጃውን ብቻዎን አይውረዱ።

የኋለኛውን ክፍል ለተከራይ እንደሰጡት አውቃለሁ። እንዳያስለቅቁት፤ እኔ የራሴን ቤት እፈልጋለሁ፣ ቅርብ ይሆናል። ሥራም እፈልጋለሁ፤ የመጣሁት ልጦር ብቻ ነው ብዬ በእርስዎ አላመካኝም፣ እርስዎም ልጄ ተሰብራ መጣች ብለው እንዳያዝኑብኝ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ይሆናል።

ቅጹ ከአገር የወጣሁበትን ቀን ስለሚጠይቅ ፈርሜ የምልከው ከደረስሁ በኋላ ነው። ነዋሪነቱን ለምን እንደተውሁም ይጠይቃል። ባለፈው ሌሊት በእርሳስ ለመሞከር ተቀምጬ «ከቤተሰቤ ጋር ለመኖር» ብዬ ጻፍሁ፤ አላነሰም አልበዛም፣ ለእነሱ ይበቃቸዋል። ለእርስዎ ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር አለኝ፤ ከእንግዲህ ለወረቀቴ ተብሎ ከእኔ የሚደበቅ ነገር እንዳይኖር ነው። ቢያምዎትም እንዲነገረኝ፤ ከዚያ የከፋ ቢመጣም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት እንድሰማ።

ይህ ደብዳቤ በሚመጣው ሰው በኩል እስከ ሐሙስ ይደርስዎታል። እሑድ በተለመደው ሰዓት እደውላለሁ። ለእህቴ አይስጧት፤ ስልኩን እርስዎ ያንሱት።

ልጅዎ