ስለ ብሎን ጥርስ ልክ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ የቶርኖ ቤታችን ደንበኞች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ከእንግዲህ ዕቃ ስትልኩልን ብሎኑንም አብራችሁ እንድትልኩልን ልንለምናችሁ ነው። የተበላም ይሁን የተቆረጠ፣ ግድ የለም። ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ የወፍጮ ባለቤት ከሐርቡ የተሰነጠቀ የቤሪንግ ማቀፊያ ይዘው መጡ። ሞተራቸው የቆየ የእንግሊዝ ሥሪት ነው። ወፍጮው ቆሞ የአካባቢው ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ቀበሌ ድረስ ይሄድ ነበር። ብሎኑ ግማሽ ኢንች ነው አሉን፤ እኛም እናሳየው ሳንል ተቀበልን። ኮምፒውተሩ ላይ ስንስል ከቀዳዳው ዝርዝር ግማሽ ኢንች የሚለውን የአሜሪካ ልክ መረጥን። ቀረብ ያለው እሱ ነበር። ዕቃው አምሮ ወጣ። ሐርቡ ሲደርስ ግን ብሎኑ ሁለት ዙር ገብቶ ቀጥ አለ። በቁልፍ ሲያስገድዱት ጥርሱ ተላጠ።

ጥፋቱ የእኛ ነው። በነፃ ደግመን ሠርተንላቸዋል፤ የጠፋውን ቀን ግን መመለስ አልቻልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካው ግማሽ ኢንች በአንድ ኢንች ውስጥ 13 ጥርስ አለው። ዊትዎርዝ የሚባለው፣ ከ1841 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው የእንግሊዝ ልክ፣ 12 ነው። የጥርሱም ማዕዘን ይለያል፤ የአሜሪካው 60 ዲግሪ፣ የእንግሊዙ 55። በአንድ ጥርስ ላይ ልዩነቱ 0.16 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም። በአምስተኛው ጥርስ ላይ ግን ተደማምሮ 0.8 ይደርሳል። ታዲያ እንዴት ይግባ?

የምንስልበት ሶፍትዌር ፊውዥን ነው። ቀዳዳ ስታወጡ የተዘጋጀ ዝርዝር ያቀርብላችኋል፣ ከዚያ ትመርጣላችሁ። የምትፈልጉት ከሌለ እጅ ወደሚቀርበው ይሄዳል። እኛን ያሳሳተን ይኸው ነው። ዝርዝሩ ግን የተቆለፈ አይደለም። እያንዳንዱ የጥርስ ዓይነት የራሱ ፋይል አለው። አንዱን ገልብጠን ስሙን ቀየርን፣ ማዕዘኑን 55 አደረግን፣ ለግማሽ ኢንቹ 12.7 ሚሊሜትር ዲያሜትር፣ 12 ጥርስ፣ የ10.5 ሚሊሜትር ፑንታ (መብሻ) ብለን ሞላን። የብሎኑና የቀዳዳው ልክ ለየብቻ ነው የሚገባው። ፕሮግራሙን ዘግተን ስንከፍተው የራሳችን ልክ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ታየን። በጣም ደስ አለን!

ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ አንድ ነገር አትርሱ። ሶፍትዌሩ ሲታደስ አዲስ ፎልደር ስለሚከፍት የጨመራችሁት ይቀራል። ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። እኛ በፍላሽ ይዘነዋል።

ራሳችሁ ስላችሁ ፋይል ለምትልኩልን የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ፦ በስቴፕ ፋይል (ስዕል ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው በሚተላለፍበት) የሚመጣ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ልሙጥ ቀዳዳ ሆኖ ነው የሚታየን። ጥርሱን አያሳይም። የ8.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስናይ ኤም 10 (የ10 ሚሊሜትር ብሎን ጥርስ) የሚወጣለት ይሁን ወይስ ዝም ብሎ ቀዳዳ፣ እንዴት እንወቅ? የጥርሱን ዓይነት በፒዲኤፍ ስዕሉ ላይ ጻፉልን።

ከቆቦ የውሃ ፓምፕ መገጣጠሚያ የምትልኩም አላችሁ። የቧንቧ ግማሽ ኢንች ከብሎን ግማሽ ኢንች ጋር አይገናኝም፤ ውጪው 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የእንግሊዙም የአሜሪካውም የግማሽ ኢንች ቧንቧ ጥርስ 14 ስለሆነ ቆጥሮ መለየት አይቻልም። ማዕዘኑን በመለኪያ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ አሮጌውን መገጣጠሚያ ላኩልን።

ለመለካት አናስከፍልም። ብሎኑን ከዕቃው ጋር በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት። በመኪና በሚላክ ዕቃ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቶርኖ ቤታችሁ፣ ኮምቦልቻ