ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፦ አንድ ባለጉዳይ፣ ሦስት ፋይል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የመንግሥት አገልግሎት «ዲጂታል ሆኗል» ሲባል የደሴ ባለጉዳይ የሚጠብቀው ከቀበሌ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ከተማ አስተዳደር ወረቀት ይዞ መመላለሱ እንዲቀርለት ነው። የማይቀርለት በየእርከኑ ያሉት መዝገቦች አንዱን ሰው አንድ መሆኑን ስለማያውቁ ነው።

በወሎ በጣም የተለመደውን ስም እንውሰድ። ቀበሌው «ሙሐመድ»፣ የግብር ፋይሉ «መሐመድ»፣ የመሬት ማኅደሩ «ሙሀመድ» ይሉታል። ለጆሮ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ለኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ባለሙያው በስም ፈልጎ ሲያጣ አዲስ ፋይል ይከፍታል፤ ሰውየው ሁለት ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ስማቸው ከነአያት የሚገጥም ሁለት ሰዎች በአንድ ፋይል ሊጠቃለሉ ይችላሉ፤ ይህኛው የከፋ ነው፣ የአንዱ ዕዳ ለሌላው ይተርፋልና።

መፈለጊያው ሐ እና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ ቆጥሮ ያወዳድር፤ የሚታተመው ስም ግን ባለቤቱ የጻፈው ይሁን። ይህም ቢሆን «መ» እና «ሙ»ን አያስታርቅም። ስለዚህ ፋይል ከፋይል የሚገናኘው በቁጥር መሆን አለበት። ለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ቁጥር አለ፤ 12 አኃዝ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አኃዝ ስለሆነ ለየብቻ ሳጥን ይሰጣቸው። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ብዙ ሥራ ታበላሻለች፦ ዝርዝሩ በኤክሴል ሲሞላ ዓምዱ አስቀድሞ «ቴክስት» ካልተደረገ፣ በ00 የሚጀምር የግብር ከፋይ ቁጥር ሁለቱን ዜሮ ጥሎ 8 አኃዝ ይቀራል፤ 12 አኃዙም በአጭሩ ተጠቅልሎ ይታያል፤ እንደዚያው ወደ ሌላ ሲስተም ከተላከ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ጠፍተው ይሄዳሉ። ከክልል ወደ ከተማ «ቁጥሩ አይገጥምም» ተብሎ የሚመለስ ዝርዝር ሲኖር መጀመሪያ የሚታየው ይህ ዓምድ ይሁን።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1985 በፈረንጆች 1992 ላይ ይውላል፤ ጥር 10 ቀን 1985 ግን 1993 ነው። ዓመቱ ላይ ዝም ብሎ 8 የሚደምር ቅጽ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደውን ሁሉ በአንድ ዓመት ያሳስታል። ወር ማስመረጫው 12 ብቻ ከሆነ ደግሞ በጳጉሜን የተወለደ ሰው መስከረም 1 ተብሎ ይሞላለታል፤ ከልደት ምስክር ወረቀቱም ጋር ሳይገጥም ይኖራል። ቀኑ ከነዘመን አቆጣጠሩ ይመዝገብ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፤ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ፣ የግብር ውዝፍ ይኑርበት አይኑርበት ግን አያረጋግጥም። ነዋሪነትን ቀበሌው፣ ልደትና ጋብቻን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ፣ ይዞታን ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ይጻፍ፤ ሌላው ቢሮ ያንብብ እንጂ አይቅዳ። ማንበቡም ልክ ይኑረው፤ «ነዋሪ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ለሚጠይቅ ቢሮ አዎ ወይም አይደለም ይበቃዋል፣ ሙሉ ማኅደር አያስፈልገውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የትሕትና ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚሰፍር ሰው ዛሬ መሸኛ ይጻፍለታል፤ ቲተርና ማኅተም ተመቶበት በእጁ ይወስደዋል። በኮምፒውተር ሲሆን የደሴው ቀበሌ ይልካል፣ የኮምቦልቻው «ተቀብያለሁ» ይላል፣ መልሱ ሲደርስ ብቻ የደሴው ፋይል ይዘጋል። መልሱ ሳይደርስ ከተዘጋ ሰውየው የትም ነዋሪ አይሆንም፤ መዝጋቱ ከተረሳ ሁለት ቦታ ይኖራል።

ኔትወርክ ሲቋረጥ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሰው እንዳይመለስ፣ ማመልከቻው በቀበሌው ማሽን ላይ ተመዝግቦ ይቆይ። የማመልከቻ ቁጥሩን የቀበሌው ማሽን ራሱ ከቀበሌ ኮድ፣ ከቀንና ከተራ ቁጥር አዋቅሮ ይስጥ። ያኔ ሠራተኛው ሁለቴ ቢልከው እንኳ ላይኛው እርከን ያው ማመልከቻ መሆኑን ያውቃል። የመዝገቦቹ ቅጂም ከከተማው ውጭ ይቀመጥ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መሥሪያ ቤቶች መዘረፋቸውን ማንም አልረሳም።

ሌላ ሲስተም ከመገዛቱ በፊት አንድ ሙከራ እንጠይቃለን። ከደሴ አንድ ቀበሌ፣ ከኮምቦልቻም አንድ ቀበሌ፣ ከእያንዳንዳቸው 100 ፋይል በዕጣ ይውጣ። ስም፣ የልደት ቀንና ቁጥሩ ከግብር፣ ከመሬትና ከንግድ መዝገብ ጋር ይመሳከር። የማይገጥመው ስንት እንደሆነ፣ በስም ይሁን በቀን ወይም በቁጥር ተለይቶ፣ በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ።

አንባቢዎቻችሁ፣
ከደሴ